ሊኑክስን መጫን ብቻውን አይበቃም፤ የውጫዊ ሃርድ ዲስክ አያያዝና የጥናት መረጃ ደኅንነት

ሊኑክስን የመሰሉ ምንጫቸው ክፍት የሆነ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች የፈቃድ ክፍያ ስለማይጠይቁ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ይመከራሉ፤ ምክሩም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ኮምፒውተሩ ወደ ሊኑክስ ሲዞር፣ የጥናት መረጃው የሚቀመጥበት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ እንደተገዛ ይቀራል፤ አያያዙም በቀድሞው ልማድ ይቀጥላል። የብዙ ወራት የመስክ ሥራ ለጥፋት የሚጋለጠው በዚህ ክፍተት ነው።

የመጀመሪያው ጉዳይ የዲስኩ ፎርማት ነው። ፋት32 በአብዛኞቹ ኮምፒውተሮች የሚነበብ ቢሆንም መጠኑ 4 ጊጋባይት የሚደርስ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ ረጅም የቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ደግሞ ይህን ወሰን በቀላሉ ያልፋል። ኤንቲኤፍኤስ ይህ ገደብ ባይኖርበትም፣ ከዊንዶውስ በአግባቡ ሳይለያይ የተነቀለን ዲስክ ሊኑክስ ለማንበብ ብቻ ሊከፍተው ወይም ጨርሶ ላይከፍተው ይችላል። ማይክሮሶፍት የኤክስፋትን ዝርዝር መግለጫ በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ ካደረገ በኋላ ድጋፉ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ተካቷል፤ ስለዚህ በሁለቱ ሥርዓቶች መካከል ለሚመላለስ ዲስክ አመቺ ነው። ሆኖም ኤክስፋት ለውጦችን አስቀድሞ የሚይዝ መዝገብ የለውም። ኢኤክስቲ4 ግን ይህ መዝገብ ስላለው መብራት በድንገት ቢቋረጥ የፋይሎቹ አደረጃጀት የመመሰቃቀል ዕድሉ ያነሰ ነው፤ ዊንዶውስ ግን ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም አያነበውም። ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው፤ መረጃ ለማመላለስ በኤክስፋት የተዘጋጀ አንድ ዲስክ፣ ከሥራ ቦታ ለማይንቀሳቀስ መጠባበቂያ ቅጂ ደግሞ በኢኤክስቲ4 የተዘጋጀ ሌላ ዲስክ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጉዳይ አነቃቀሉ ነው። ሊኑክስ የሚገለበጠውን መረጃ በመጀመሪያ በራም ላይ ያቆየውና ቀስ በቀስ ወደ ዲስኩ ይጽፈዋል። በመሆኑም ስክሪኑ ግልበጣው መጠናቀቁን እያሳየ ከፊሉ መረጃ ገና ዲስኩ ላይ ያልደረሰ ሊሆን ይችላል። ዲስኩን ከሥርዓቱ እንዲለያይ ሳያዝዙ ገመዱን መንቀል ያን ያልተጻፈ ክፍል ማጣት ነው።

ሁለት ዲስክ መግዛት ለተማሪ ከባድ ወጪ ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተቃውሞውም እውነትነት አለው። ሆኖም የመስክ ጥናትን መድገም ከአንድ ዲስክ ዋጋ እጅግ የበለጠ ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል፤ አንዳንዱ ቃለ መጠይቅም ጨርሶ የሚደገም አይደለም። ወጪውን ለመቀነስ የትምህርት ክፍሎች የጋራ መጠባበቂያ ዲስኮችን ማዘጋጀት ይችላሉ።

ስለዚህ ሊኑክስን የሚያበረታታ የትምህርት ክፍል፣ ተማሪው ወደ መስክ ከመውጣቱ በፊት የዲስክ አዘገጃጀትንና አነቃቀልን ሊያስተምር፣ የተቀመጠው ቅጂም በሌላ ኮምፒውተር ተከፍቶ መነበቡን እንዲያረጋግጥ ሊያደርግ ይገባል። ይህ የግማሽ ቀን ሥልጠና ነው፤ የሚጠብቀው ግን የዓመታትን ድካም ነው።