ከሞት የተረፉትን ዶሮዎች ወደ ገበያ አታውጡ

ግቢያችሁ ውስጥ ዶሮ በድንገት ማለቅ ከጀመረ፣ የተረፉትን «ሳይሞቱብኝ ልሽጣቸው» ብላችሁ ወደ ገበያ አታውጡ። ስታጣጥር ያገኛችኋትንም ቢላ አቅምሳችሁ ለወጥ አታውሉ። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው በየመንደሩ የምናደርገው ይህንኑ በመሆኑ ነው። ባለቤቲቱ ጠዋት ቆጡ ሥር ሁለት ሬሳ ታገኛለች፤ ረፋድ ላይ የቀሩትን እግራቸውን አስራ፣ ቁልቁል አንጠልጥላ ገበያ ትደርሳለች። የገዛው ሰው ቤቱ ወስዶ ከራሱ ዶሮዎች ጋር ይቀላቅላቸዋል፤ ብዙ ሳይቆይ የእሱም ግቢ ባዶ ይቀራል። ሴትዮዋ ይህን የምታደርገው ክፉ ሆና አይደለም፤ ያላት ጥሪት ያው ስለሆነ ነው። ነገር ግን በሽታው ፈንግል ሲሆን ዶሮ ብቻ የሚያስጨርሰው ይህ ልማድ፣ የወፍ ጉንፋን ሲሆን ሰውም ይገድላል።

ኤች5ኤን1 የሚባለው ይህ ቫይረስ እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ በዓለም ጤና ድርጅት መዝገብ ወደ 1000 የሚጠጉ ሰዎችን አሟል፤ ግማሽ ያህሉ ሞተዋል። ቀላል ሕመም ይዟቸው ሳይመዘገቡ የዳኑ ስለሚኖሩ የገዳይነቱ መጠን ከዚህ ሊያንስ ይችላል፤ ቢሆንም ይህን ሰምቶ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት አይቻልም። እስካሁን ቫይረሱ ከሰው ወደ ሰው በቀላሉ አይተላለፍም። አብዛኛው ታማሚ የተያዘው ከታመመ ወይም ከሞተ ወፍ ነው። ስለዚህ መከላከያውም በየግቢያችን፣ በእያንዳንዳችን እጅ ነው ያለው።

የሩቅ አገር ወሬ የሚመስለው ካለ 1998 ዓ.ምን ያስታውስ። በየካቲት ናይጄሪያ ላይ ተገኘ፤ በዚያው ወር ግብፅ ገባ፤ በሚያዝያ ሱዳን፣ በግንቦት ጅቡቲ ደረሰ። ጅቡቲ ውስጥ የሁለት ዓመት ሕፃን ተያዘች፤ በአፍሪካ ቀንድ በምርመራ የተረጋገጠች የመጀመሪያዋ ታማሚ እሷ ነበረች። በእኛም አገር በጉራጌ፣ ጉብሬ በሚገኝ የዶሮ እርባታ ጣቢያ ዶሮዎች በብዛት ሲሞቱ «በርድ ፍሉ ገባ» ተባለ። ምርመራው ኤች5ኤን1 አለመሆኑን አረጋገጠ፤ ድንጋጤው ግን ከውጤቱ ቀድሞ አዲስ አበባ ደርሶ ነበር። ሰው ዶሮ መግዛት ተወ፣ ዋጋ ወደቀ፣ አርቢው ከሰረ። ሁለት ዶሮ ሸጣ ጨውና ደብተር ለመግዛት የወጣች እናት በበሽታው ሳይሆን በወሬው ተጎዳች።

እኔን የሚያሰጋኝ ከዚያ ድንጋጤ የተረፈን ትምህርት ነው። አንዱ «ዶሮ ሞተብኝ ካልኩ ገበያዬ ይዘጋል፣ ዝም ልበል» ይላል። ሌላው «ያኔም ወሬ ብቻ ነበር» ብሎ ይንቃል። ዝምታውም ንቀቱም ለቫይረሱ መንገድ ይጠርጉለታል።

ወደ ግብፅ እንመልከት። እዚያ በየከተማው ጣሪያ ላይ ዶሮና ዳክዬ ማርባት የኖረ ልማድ ነው። በሽታው እንደተሰማ መንግሥት የጣሪያ እርባታን ከለከለ። የደነገጠው ሰው የሞቱ ወፎችን ወደ አባይና ወደ መስኖ ቦዮች ጣለ፤ ወዲያው የመጠጥ ውሃው ተበክሏል ተባለና ሕዝቡ የታሸገ ውሃ ለመግዛት ተሻማ። የመጀመሪያው ድንጋጤ ሲበርድ ደግሞ ወፎቹን መደበቅ መጣ። ቫይረሱ በአገሪቱ ሥር ሰደደ፤ በጠቅላላው 359 ሰዎች ታመው 120 ሞቱ። ከታመሙት ብዙዎቹ በቤታቸው ወፍ የሚያረቡ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ሐኪም ዘንድ ቶሎ የደረሱት የመዳን ዕድላቸው ሰፊ ነበር፤ የዘገዩት አለቁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የምንለው እዚያ በሰው ሕይወት ተፈትኗል።

ቫይረሱ ወደ እኛ ለመምጣት ፓስፖርት አይጠይቅም። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም በእስራኤል ሁላ ሸለቆ በሺዎች የሚቆጠሩ ክሬን የሚባሉ ባለ ረጅም እግር ስደተኛ ወፎች በኤች5ኤን1 አለቁ፤ በአቅራቢያው ባሉ እርባታዎችም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዶሮዎች ተወገዱ። እነዚህ ወፎች የስምጥ ሸለቆን ተከትለው ወደ ደቡብ ይበራሉ፤ ከወገኖቻቸው ብዙዎች የሰሜኑን ብርድ ሸሽተው የሚከርሙት በእኛ አገር ነው፤ ከታወቁት ማደሪያዎቻቸው አንዱ የቢሾፍቱው ጨለለቃ ሐይቅ ነው። ቢሾፍቱ ደግሞ የአገሪቱ የዶሮ እርባታ እምብርት ናት። በአገራችን ከ50 ሚሊዮን በላይ ዶሮ አለ፤ አብዛኛው በየጓሮው የሚለቅም፣ ሲመሽ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድር ነው።

የወፍ ጉንፋን ምልክቱ ከፈንግል ጋር ይመሳሰላል። ዶሮዋ ትደበታለች፣ እንቁላል ታቆማለች፣ ትንፋሿ ይጨንቃታል፣ አንገቷ ይጠመዘዛል፤ ጉትዬዋና ፊቷ አብጦ ይጠቁራል፤ አንዳንዴም ምንም ሳታሳይ ሞታ ትገኛለች። በዓይን አይቶ ይህ ፈንግል ነው፣ ያ የወፍ ጉንፋን ነው የሚል ቢኖር አትመኑት፤ የሚለየው ቤተ ሙከራ ነው። ስለዚህ ዶሮዎቻችሁን ፈንግል አስከትቡ። ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል። የተከተቡ ዶሮዎች በድንገት ካለቁ ነገሩ ከወትሮው የተለየ መሆኑን ባለሙያው ቶሎ ይጠረጥራል።

በ1998 የሰው ፍርሃት ያረፈው ድስቱ ላይ ነበር። አደጋው ግን ከድስቱ በፊት ነው። የበዓል ዋዜማን አስቡት። ዶሮው ግቢ ውስጥ ይታረዳል፤ ደሙ ይረጫል። በፈላ ውሃ ተነክሮ ላባው ሲነጭ እንፋሎቱ የነጪዋን ፊት ይመታል። ልጆች ከበው ላባ ይለቅማሉ። ከዚያ ሆድ ዕቃው ይወጣል፣ አሥራ ሁለቱ ብልት ይወጣል፣ ሥጋው በሎሚና በጨው ይታጠባል፤ ይህ ሁሉ በባዶ እጅ ነው። የታመመ ወፍ ከሆነ ቫይረሱ ወደ ሰው የሚገባው በዚህ ሰዓት ነው። እሳት ላይ ሰዓታት የቆየ ዶሮ ወጥ ቫይረሱን አይዝም፤ ከ70 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይገድለዋል። ስለዚህ ጤነኛ ዶሮ ገዝታችሁ ብሉ፤ እንቁላሉንም በደንብ አብስሉ። አስተራረዱ ላይ ግን ልጆችን አርቁ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ሎሚው ሳሙናን አይተካምና እጃችሁን፣ ቢላውንና መክተፊያውን በሳሙና እጠቡ።

ዶሮ ማለቅ የጀመረ ዕለት ደግሞ እንዲህ አድርጉ። ለወረዳው ወይም ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወዲያው ተናገሩ። ሬሳውን በባዶ እጅ አትንኩ፤ ጓንት ከሌለ እጃችሁን በፌስታል ሸፍኑ። ናሙና መውሰድ ካስፈለገ ባለሙያው ይወስዳል፤ ከዚያ በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት። ወንዝ ውስጥ አትጣሉ፣ ለውሻም አትወርውሩ። የቀሩትን ዝጉባቸው፤ ከግቢ አይውጡ፣ ሌላም አይግባ። በሐይቅ ዳር የሞተ ወፍ ካያችሁ ሳትነኩ አስታውቁ። ከወፎቹ ጋር የነበረ ሰው በቀጣዮቹ ቀናት ትኩሳት፣ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ከተሰማው ጤና ጣቢያ ሄዶ «የታመመ ዶሮ ነክቻለሁ» ይበል። ይህን ቃል ካልሰማ ሐኪሙ እንደ ተራ ጉንፋን ያየዋል፤ መድኃኒቱ ደግሞ ይበልጥ የሚሠራው ሕመሙ በጀመረ በሁለት ቀን ውስጥ ሲሰጥ ነው።

አሜሪካ ላላችሁም አንድ ቃል አለኝ። እዚያ ቫይረሱ እ.ኤ.አ. በ2024 የወተት ላሞች ውስጥ ተገኝቷል፤ በታመሙ ላሞች ጥሬ ወተት ውስጥም አለ። የአገር ቤቱን እርጎ ናፍቃችሁ ከእርሻ ጥሬ ወተት የምትገዙ፣ አፍልታችሁ ተጠቀሙ ወይም ፓስተራይዝድ የሆነውን ግዙ።

ለባለሥልጣናትም የምለው አለኝ። ዶሮዋ የሚወገድባት እናት ምን ካሳ እንደምታገኝ በሽታው ሳይገባ በፊት ይነገራት። ካሳ እንደሌለ የምታውቅ ሴት ደብቃ ብትሸጥ ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይሆንም። ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ቤተ ሙከራ ውጤት ሲያወጣ፣ ደጉም ክፉውም ለሕዝብ ፈጥኖ ይነገር። ወሬ የሚያሸንፈው እውነቱ ሲዘገይ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ዛሬውኑ የወረዳችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ስልክ ጠይቃችሁ ያዙ፤ አገር ቤት ላለችው እናታችሁ፣ ለጎረቤታችሁም አቀብሉ። ዶሮ ማለቅ በጀመረ ጠዋት ከነጋዴው በፊት የሚደወለው ለእሱ ነው።