የሚያገባን ልጅ ማረም

ልጅዎ ኳሱን ቅርጫት ውስጥ እያስገባ ነው፤ አወራወሩ ግን ልክ አይደለም። ያርሙታል ወይስ ይተዉታል?

የቀድሞው የኤንቢኤ ተጫዋች ዴል ከሪ ይህ ገጥሞት ነበር። ልጁ ስቴፈን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ቀጭንና አጭር ስለነበር ኳሱን ከወገቡ አካባቢ ነበር የሚወረውረው። ረጃጅም ተከላካዮች ይህን በቀላሉ ያግዱታል። ስለዚህ በአንድ የበጋ ዕረፍት አባትየው አወራወሩን አፍርሶ፣ ኳሱን ከራሱ በላይ እንዲለቅ ከሀ ጀምሮ አስተማረው። ልጁ ለሳምንታት ከቅርጫቱ ራቅ ብሎ ማግባት አቃተው፤ ያለቀሰበት ጊዜም ነበር። እኔ ብሆን በሦስተኛው ቀን «ተወው ልጄ» እል ነበር።

ልፋቱ ወዲያው በር አልከፈተለትም። አባቱ የተጫወተበት ቨርጂኒያ ቴክ እንኳ ስኮላርሺፕ አልሰጠውም። ትንሹ ዴቪድሰን ኮሌጅ ተቀበለው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ቡድኑን ከአገሪቱ የመጨረሻ ስምንት ውስጥ አስገባ። በ2009 የኤንቢኤ ምርጫ ሚኔሶታ በ5ኛና በ6ኛ ተራ ሁለት ሌሎች ጋርዶች ወስዶ እሱን አለፈው። ጎልደን ስቴት በ7ኛው ጠራው።