ማሲንቆው ሆቴል ገባ፤ የቦሌ ለሚ ልጆችስ?

ካዛንቺስ ሲፈርስ የወደቀው ጭቃና ቆርቆሮ ብቻ አልነበረም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ፣ በአዝማሪ ቤቶቹ የሚታወቀው መንደርም አብሮ ተነሣ። ከቤቶቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ፈንድቃ ነው። መላኩ በላይ በዚያ ቤት እስክስታ እየወረደ፣ ሌሊቱን ባንኮኒ ሥር እየተኛ ነው የጀመረው፤ በኋላ ቤቱን ተረክቦ ዓለም የሚያውቀው የባህል ማዕከል አደረገው። ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ፈንድቃ መድረክ ያገኘው መስቀል አደባባይ አጠገብ፣ ሀያት ሪጀንሲ ሆቴል ውስጥ ነው።

ጥበቡ ሜዳ ላይ አለመቅረቱ ደስ ያሰኛል። ሆቴሉም ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን የከተማው ሰው አዝማሪውን ለመስማት የሆቴል ፍተሻ አልፎ የሆቴል ዋጋ መክፈል ካለበት፣ አዝማሪው ተረፈ አይባልም። ተሰደደ እንጂ!

በከተማዋ ምሥራቅ ጫፍ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ከስፌት መኪናው ፊት የሚቀመጡት በአብዛኛው ከገጠርና ከትናንሽ ከተሞች የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። በ2011 ዓ.ም. የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የኢትዮጵያ ልብስ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን አስነብቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብሩ ቢጨምርም ኑሮው ቀድሞታል። እነዚህ ልጆች ሆቴል ገብተው ማሲንቆ ሊሰሙ ነው?

ግጥሙ ግን የእነሱ ነው። በሠርግ፣ በደቦ፣ በለቅሶ ሲቀባበሉት ያደጉት እነሱ ናቸው። ከተማው ከገጠር ያመጣውን ግጥም በመብራት አሸብርቆ፣ ባለቤቶቹ በማይከፍሉት ዋጋ መልሶ ይሸጠዋል። ለእነሱ የተረፋቸው ጆሮ የሚያደነቁር የድራፍት ቤት ስፒከር ነው።

አዝማሪ ከሌላ ዘፋኝ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ግጥም ይቀበላል። እንግዳው «ተቀበል!» ይላል፣ ስንኙን ይወረውራል፣ አዝማሪው በማሲንቆው አንሥቶ ይመልስለታል። ሰምና ወርቁ ከዚህ ይወጣል። ይህ የሚሆነው ሰው ከሰው በሚሰማማበት ጠባብ ክፍል እንጂ በማይክና በመድረክ አይደለም። ስፒከሩ ሲጮህ ሰሚው ዝም ይላል።

ሰሚው እንዲናገር የማይፈልግ ኃይል ይህን ያውቃል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ግራዚያኒ ባሕታውያንን፣ ጠንቋዮችንና አዝማሪዎችን እየለቀሙ እንዲገድሉ ያዘዘው ዜማው ስላስጠላው አልነበረም። ወሬና ስሜት ከአገር አገር የሚያደርሱት እነሱ በመሆናቸው ነው።

«አዝማሪ ቤት የስካር ቤት ነው» የሚሉ አሉ። ድራፍት ቤቱ ምን ሊባል ነው ታዲያ? መጠጡ አሁንም አለ፤ የጎደለው ጨዋታው ነው። «ሴት ልጅ በጨለማ እንዴት ትመለስ?» የሚለው ግን እውነተኛ ጥያቄ ነው። መልሱም አይከብድም፤ እሑድ ከሰዓት ይሁን፣ ከጠጁ ጎን ብርዝና ቡና ይቅረብ፣ ሳይመሽ ይበቃል። «አዝማሪው በምን ይኖራል?» ለሚልም፣ ለስፒከርና ለሙዚቃ አጫዋች የሚወጣው ገንዘብ ለማሲንቆ ቢሰጥ ቤቱ አይከስርም።

የከተማ አስተዳደሩ መንገድ ሲያሰፋ ለካፌና ለመኪና ማቆሚያ ቦታ አላጣም። በለሚ ኩራ አዳዲስ ሰፈሮች ለአዝማሪ የሚሆን አነስተኛ ኪራይ ያለው ክፍል መስጠትስ ለምን ያቅተዋል? የፓርኩ አስተዳደርም ሠራተኛ ማለት እጅ ብቻ አለመሆኑን ይወቅ። ከተማው ሸሚዝ የሚሰፉለትን ልጆች ስንኝ ካልተቀበለ፣ በየመድረኩ ስለ ባህል የሚደሰኩረው ለቱሪስት ብቻ ነው ማለት ነው።