ሊኑክስ በነፃ ይገኛል፤ ጠያቂውን ግን ማን ያስተናግደው?

ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን የደኅንነት ጥገና ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቋርጦአል። ለግል ተጠቃሚዎች የአንድ ዓመት ጭማሪ መፍቀዱ ባይቀርም፥ ጭማሪው ነገሩን አዘገየው እንጂ አላስቀረውም። ተተኪው ዊንዶውስ 11 መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲወጣ ይዞት የመጣው ግዴታ ብዙውን ሰው ያስቸገረ ነው። ኮምፒዩተሩ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የሚባል የምስጢር መጠበቂያ ክፍል እንዲኖረው፥ ፕሮሰሰሩም የኢንቴል ከሆነ በአመዛኙ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ የተሠራ እንዲሆን ይጠይቃል። ይህ ትውልድ ደግሞ ለገበያ የቀረበው በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። እንግዲህ ከዚያ በፊት የተሠራው ኮምፒዩተር፥ ሳይሰበርና ሳይቃጠል፥ አንድ ቁልፍ እንኳ ሳይረግፍበት፥ በደንብ ብቻ አርጅቶአል ማለት ነው።

ይህ ለእኛ አገር ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። በአዲስ አበባ ሱቆች ከሚሸጡት ላፕቶፖች መካከል በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች አገልግለው የመጡት ጥቂት አይደሉም፤ ገዢውም የሚወስዳቸው አዲሱ ከአቅሙ በላይ ስለሆነበት ነው። ይህን የምንጽፍበትም ላፕቶፕ በዚሁ መንገድ እጃችን የገባ ነው።

እንዲህ ያለ ዕቃ የያዘ ሰው ዐዋቂ ሲያማክር የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ «ሊኑክስ ጫንበት» ይባላል። ምክሩ መጥፎ አይደለም። ሊኑክስን የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ በፊንላንድ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የ21 ዓመት ተማሪ ሳለ፥ ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም. በኮምፒዩተር መረብ ላይ ባወጣው አጭር ማስታወቂያ ሥራውን ከትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ የማይበልጥ አድርጎ ነበር የገለጸው። ዛሬ የአንድሮይድ ስልክ ሁሉ እምብርት ሊኑክስ ነው። የሚከፈልበት ዋጋ የለም፤ ሊኑክስ ሚንት የተባለውን ዓይነት ለመጫን ወደ 3 ጊጋባይት የሚጠጋ ፋይል አውርዶ በፍላሽ መገልበጥ ይበቃል። የኢንተርኔት ፓኬጁ ዋጋ ካልታሰበ ነው እንጂ!

ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በእኛ የደረሰውን እንናገር። ሥርዓቱ ተጫነ፤ ስክሪኑ በራ፥ ድምፁም ተሰማ፤ ዋይፋዩ ግን የለም። ደክሞ ወይም ተቈራርጦ ሳይሆን ጭራሹኑ የለም። ካርዱ እንዲነሣ ፈርምዌር የሚባል አነስተኛ ፋይል ያስፈልገዋል፤ ካርዱን የሠራው ኩባንያ (ስሙን እንተወው) ፋይሉን ሌላው እንዲያድልለት ስላልፈቀደ ከሊኑክሱ ጋር አብሮ አልመጣም። ፋይሉን ከኢንተርኔት ማውረድ ይቻላል። ኢንተርኔት ለማግኘት ግን ዋይፋዩ መሥራት አለበት። ቁልፉን ውስጥ ትቶ በሩን የዘጋ ሰው ሁኔታችንን ያውቀዋል።

ጥፋቱ የማን ነው? አምራቾች የዕቃቸውን አሠራር መደበቃቸው የቈየ ክስ ነው። ቶርቫልድስ በሰኔ 2004 ዓ.ም. በፊንላንድ አልቶ ዩኒቨርሲቲ ተገኝቶ ሲናገር ኤንቪዲያ የተባለውን የግራፊክስ ካርድ አምራች በአደባባይ እስከ መሳደብ ደርሶ ነበር፤ ኩባንያው የድራይቨሩን አንድ ክፍል ለሁሉ ክፍት ያደረገው በግንቦት 2014 ዓ.ም. ነው። በሌላው ወገን ደግሞ ዴቢያን የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት የሚያዘጋጁት ሰዎች፥ አሠራሩ የተሰወረ ፋይል ከነፃ ሥራችን ጋር አይቀላቀልም በማለት ለብዙ ዓመታት ፈርምዌሩን ከዋናው መጫኛቸው አግልለው ኖረዋል። ይህን የተዉት በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በድምፅ ወስነው ሲሆን፥ ውሳኔው የተፈጸመው በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በወጣው 12ኛው እትም ነው። ዓላማቸውን እናከብራለን። ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት የመርሑን ዋጋ የከፈለው መርሑን ያወጣው ዐዋቂ ሳይሆን ፍላሹን ይዞ የተቀመጠው ጀማሪ ነበር።

ጀማሪው ያለው መውጫ መጠየቅ ነው። እኛም በስልካችን ወደ አንድ የታወቀ የጥያቄና መልስ መድረክ ገብተን፥ በዚያችው በትምህርት ቤት እንግሊዝኛችን ችግራችንን ጻፍን። ጥያቄያችን ብዙም ሳይቈይ ተዘጋ። ምክንያቱም «ቀደም ሲል ተጠይቆአል» የሚል ነው። የተመራንበትን የቀድሞ መልስ ብንከፍት፥ ኢፍኮንፊግ በሚባለው ትእዛዝ ጀምሩ ይላል፤ ይህ ትእዛዝ ግን በአሁኖቹ የኡቡንቱና የዴቢያን እትሞች አብሮ አይጫንም። ለማምጣት ደግሞ ያው ኢንተርኔት ያስፈልጋል። በሩን የዘጋው ሰው መልሱን ከፍቶ አላነበበውም ብለን ብንጠረጥር ይፈረድብናል?

ሆኖም ለበር ጠባቂዎቹም እንመስክር። አብዛኞቹ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ናቸው፤ አንዱን ጥያቄ መቶ ጊዜ ያነበበ ሰው በመቶ አንደኛው ቢሰለች አያስደንቅም። ከዚህ ዓይነት መድረኮች ስመ ጥሩ የሆነው፥ በ2001 ዓ.ም. መግቢያ የተከፈተው ስታክ ኦቨርፍሎው (የእኛን ጥያቄ የዘጋው እርሱ ነው ማለታችን አይደለም)፥ የተመሠረተው ለኋላ ጠያቂ የሚቀመጥ የመልስ መዝገብ እንዲሆን ነው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. በቻት ጂ.ፒ.ቲ. የተጻፉ፥ ሲያዩአቸው ያማሩ ሲሞክሩአቸው የማይሠሩ መልሶች ቢያጥለቀልቁት ከለከላቸው። ከወራት በኋላ ኩባንያው አስከባሪዎቹ በጥርጣሬ መልስ እንዳይሰርዙ ቢያግዳቸው፥ በግንቦት ወር መጨረሻ ብዙዎቹ ሥራ አቆሙ። የማይከፈለው ሠራተኛ ሥራ ማቆሙ ለእኛ እንግዳ ነገር ነበር፤ ግን ያቆሙት ለመዝገቡ ንጽሕና ተቈርቍረው ነው። ቶርቫልድስም ራሱ በሻካራ አነጋገሩ ሰው ማስቀየሙን አምኖ መስከረም 6 ቀን 2011 ዓ.ም. ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ሳምንታት ከሥራው ገለል ብሎአል። የሊኑክስ ሠሪዎችም የሥነ ምግባር ደንብ ያወጡት በዚያው ሰሞን ነው።

በአገራችን ያለው ሁኔታ ደግሞ ተቃራኒው ነው። በቴሌግራም በአማርኛ የሚነጋገሩ የኮምፒዩተር ቡድኖች ጠያቂውን «ወንድሜ» ብለው ይቀበሉታል፤ አንዱ ባያውቅ ሌላው ይሞክራል፥ በድምፅ መልእክት ሳይቀር ያስረዱታል። ነገር ግን የዛሬው መልስ ነገ በሰላምታና በማስታወቂያ ሥር ተቀብሮ አይገኝም። የእነዚያኛው መዝገብ ንጹሕ ሆኖ ሰዉን ያስቀይማል፤ የእኛው ሰዉን አክብሮ መዝገብ የለውም። ከሁለቱ የቱ ይሻላል ብትሉን፥ ዋይፋይ ላጣ ሰው በዚያች ሌሊት የኛው ይሻላል። ለሚከተለው ዓመት ጠያቂ ግን የእነርሱ። ጥያቄ የሚዘጋ ሰው የሚመራበትን መልስ ከፍቶ ለየትኛው እትም እንደ ተጻፈ እንዲያይ ማስገደድስ ይህን ያህል ከባድ ደንብ ነውን?

የእኛ ነገር የተፈታው እንዲህ ነው። ከተዘጋው ጥያቄያችን ሥር አንድ የማናውቀው ሰው፥ ከመዘጋቱ በፊት አንድ መስመር ጥሎልን ኖሮአል። ስልካችሁን በቻርጀሩ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙና የስልኩን ኢንተርኔት በዩኤስቢ አካፍሉት ይላል። አደረግነው፤ ፈርምዌሩ ወረደ፥ ዋይፋዩም ተነሣ። ይህንኑ በአማርኛ፥ ከነቀኑና ከነእትሙ ቍጥር ጽፈን በአንዱ የቴሌግራም ቡድን አስቀመጥነው። በሦስተኛው ቀን አንድ ልጅ እዚያው ቡድን ገብቶ «ሊኑክስ ጫንኩ፥ ዋይፋይ አያሳየኝም» ብሎ ጠየቀ። ጽሑፋችንን ወደ ላይ ስንፈልግ ቈይተን አጣነውና እንደ ገና ጻፍንለት።