ጥንዱ ጎማ ሲነሳ

ዳላስ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ሰሞኑን ደውሎ ምክር ጠየቀኝ። ጋራዥ ውስጥ መኖሬን ስለሚያውቅ የመኪና ነገር ሲሆን ወደ እኔ ነው። ለዓመታት ተጎታች ሲጎትትበት የኖረውን ፎርድ ኤፍ 350 ፒካፕ ለልጁ ሊሰጠው አስቧል። መኪናው እንደ አይሱዙ ከኋላ በግራም በቀኝም ጥንድ ጥንድ ጎማ አለው። ልጁ ደግሞ፣ «አባዬ፣ በነጠላ እንቀይረው» እያለ ነው።

ልጁ እውነት አለው። ጥንድ ጎማ ያለው ፒካፕ ስፋቱ ወደ 2.4 ሜትር ነው፤ ነጠላው 2 ሜትር ገደማ። ከተማ ውስጥ ማቆሚያ ያስቸግራል። ጎማ ሲያልቅ የሚገዛው ስድስት ነው። ባዶውን በረዶ ላይ ሲሄድ የኋላው ክብደት በአራት ጎማ ስለሚከፋፈል መሬት አይቆነጥጥም። የውስጠኛው ጎማ ነፋስ ቢጎድለው ደግሞ ቶሎ አይታይም።

ነገር ግን ጥንዱ ጎማ ለጌጥ አልተገጠመም። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይሉ የለ? ጭነት ይካፈላል፣ ተጎታቹ ሲወዛወዝ መኪናውን ያረጋል፣ አንዱ ቢፈነዳ ሌላው ዳር እስኪወጡ ይሸከማል።

መቀየሩም የውጪውን ጎማ ፈትቶ እንደ መጣል ቀላል አይደለም። እንደዚያ ከተደረገ የቀረው ጎማ ወደ ውስጥ ገብቶ ስለሚቀር የመኪናው አቋቋም ይጠባል። የነጠላው ቸርኬም ዝም ብሎ አይገባም። ከ2005 ሞዴል ወዲህ ባሉት በእነዚህ ፎርዶች ላይ የሁለቱም ቸርኬ ብሎን 8 ነው፤ ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ግን በጥንዱ 200 ሚሊ ሜትር፣ በነጠላው 170 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ቸርኬ ወይም አዳፕተር ይፈልጋል። የፊቱም አብሮ ይቀየራል፤ ሰፊው ፓራፋንጎም እንዲሁ።

ዋናው ነገር ግን ክብደቱ ነው። የእንዲህ ያለ መኪና ጎማ ጎኑ ላይ ሁለት የጭነት ልክ ተጽፎበታል፤ አንዱ ለነጠላ፣ ሌላው ለጥንድ። ለምሳሌ ለነጠላ 1400፣ ለጥንድ 1270 ኪሎ ነው እንበል። አራቱ በጥንድ 5080 ኪሎ ይሸከማሉ፤ ሁለቱ በነጠላ 2800 ብቻ።

ሞተሩና ባሌስትራው ግን እንደነበሩ ናቸው። መኪናው የድሮውን ጭነት ቢጭኑበትም አይጎብጥም፣ ዳገትም አያቅተው። በሾፌሩ በር በኩል የተለጠፈው የፋብሪካ ጽሑፍም የድሮውን ልክ እንደያዘ ነው። የቀየረው ሰው ያውቃል፤ ቁልፉን የሚቀበለው ልጅ ግን የሚያምነው ጽሑፉን ነው።

ለወንድሜ የመለስኩለት ይህን ነው። ልጁ ተጎታች የማይጎትት ከሆነ ይቀየር። የሚጎትት ከሆነ ግን ይቅር። የሚቀይረው ባለሙያ የአዲሱን ጎማ፣ ቸርኬና አዳፕተር የመሸከም አቅም በጽሑፍ ይስጥ፤ ልኩ የሚወሰነው ከሁሉም በሚያንሰው ነው። ያ ልክ ከፋብሪካው ጽሑፍ አጠገብ ይለጠፍ። የተጎታች ማያያዣው ይፈታ። ኢንሹራንሱም ይነገረው።

ወንድሜ «ለአንድ ጎማ ይህ ሁሉ?» ብሎ ሳቀ። ልጁ ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም። ቤት የሚቀይር ጓደኛ፣ የተበላሸ መኪና የሚያስጎትት ዘመድ፣ «አንተ እኮ ትልቅ መኪና አለህ» ማለቱ አይቀርም። ያን ቀን «አይችልም» ብሎ ለመመለስ ይሉኝታ የማይበግረው ቁጥር በእጁ ሊኖረው ይገባል።