ቮልሷን ከመለወጣችን በፊት እንለካት

የትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ማሳያ በተዘጋጀ ቁጥር ከካርቶን፣ ከሽቦና ከቆርቆሮ የተሠሩ መኪናዎች ጠረጴዛውን ይሞሉታል። ከእነሱም መካከል የብዙ ሰው ዓይን የሚያርፍባት ቮልስ ናት። ጀርመኖች «ጥንዚዛ» የሚሏት፣ እኛ አገር ግን ቮልስ በሚለው ስሟ ብቻ የምትታወቀው አሮጌዋ ቮልስዋገን ማለት ነው። ስለ እሷ በመካከላችን ክርክር አለ። አንዳንድ መምህራን «መርጃ መሣሪያ እንደ ዕቃው መሆን አለበት፤ የሌለውን መጨመር ሐሰት ማስተማር ነው» ይላሉ። ሠልጣኞች ደግሞ «የራሳችንን ካልጨመርንባት ምኑን ሥራ ሆነ?» ብለው ይመልሳሉ። በበኩሌ ከሠልጣኞቹ ጋር ነኝ። ሆኖም አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ፤ ይኸውም መለወጥ የሚፈቀድለት አስቀድሞ የለካ ሰው ብቻ ነው።

እስቲ ከጎማው እንነሣ። አብዛኛውን ጊዜ ሥራው የሚጀመረው ከቦዲው ነው። ካርቶኑ በተገኘበት መጠን ይቆረጣል፣ ይጣበቃል፤ በመጨረሻ አራት የለስላሳ ቆርኪ ይፈለግና ይሰካበታል። ውጤቱ የታወቀ ነው፤ ወይ የፍየል እግር ያለው ዝሆን፣ ወይ የዝሆን እግር ያለው ፍየል። ነገሩ መገልበጥ ይኖርበታል። ካርቶን እንደ ፈለግነው ይቆረጥልናል፤ ቆርኪ ግን አይሰፋም፣ አይጠብም። ስለሆነም የመኪናዋን ልክ የሚወስነው ቆርኪው ነው። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የእውነተኛዋ ቮልስ ጎማ 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። 65 ለ3 ሲካፈል 22 ግድም ይመጣል፤ 22 ደግሞ ለልጆች ስሌት አይመችም። ታዲያ ምን ይደረግ? ከአሮጌ የብስክሌት ላስቲክ ቀጭን ጥብጣብ ቆርጦ በቆርኪው ዙሪያ መጠቅለል ነው። ስፋቱ 3 ሳንቲ ሜትር ከሩብ ሲደርስ ልኬቱ 1 ለ20 ሆነ፤ መኪናዋም ጎማ አገኘች።

ከዚህ በኋላ ያለው ማካፈል ብቻ ነው። ቮልስ ርዝመቷ 4 ሜትር ከ7 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዷ 1 ሜትር ከ54፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ50 ያህል ነው። ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል 2 ሜትር ከ40 አለ። ስለዚህ የእኛይቱ ርዝመት ከ20 ሳንቲ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ወርዷ 7 ከ7 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቷ 7 ተኩል ይሆናል፤ በጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ 12 ሳንቲ ሜትር ነው። ከእነዚህ ሁሉ አንድ እንኳ እንዳይሳት የምለው ይህን የመጨረሻውን ነው። እሱ ከተሳተ ሌላው ቢስተካከልም መኪናዋ ቮልስ አትመስልም።

የቮልስ ትልቁ ጣጣ ክብ ጀርባዋ ነው። ካርቶን በአንድ አቅጣጫ ይጎብጣል እንጂ በአንድ ጊዜ በሁለት አቅጣጫ አይጎብጥም፤ የካርቶን ቮልሶቻችን ሁሉ ሣጥን የሚመስሉትም በዚሁ ምክንያት ነው። መፍትሔው ግን ሩቅ አይደለም። ከሲቀላ ቀና ብሎ ወደ ጨንቻ ተራራ መመልከት ይበቃል። የዶርዜ ቤት ሠሪ ቀርከሃ ሰንጥቆ፣ አጉብጦና ጠልፎ የዝሆን ግንባር የሚመስል ረጅም ቤት ያቆማል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ቤቱ ከታች እየተቆረጠ ያጥራል እንጂ ወዲያው አይፈርስም። የእኛም ቮልስ በዚሁ ጥበብ ልትቆም ትችላለች። እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነ የቀርከሃ ስንጣቂ ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያም በእሳት ወላፈን ላይ ቀስ እያለ ይጎብጣል፤ በየ2 ሳንቲ ሜትሩ እንደ ጎድን አጥንት ይተከላል፤ በላዩም የጋዜጣ ቁራጭ በዱቄት ሙጫ እየተደራረበ ይለጠፋል። ሲደርቅ ይጠነክራል። ገንዘብ አይጠይቅም ማለት ይቻላል፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

የጥንት መኪና እንሥራ ካልን የየትኛው ዘመን እንደሆነችም መወሰን አለብን። ቮልስ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋ እስከተሠራችበት እስከ 2003 ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች፤ ሁሉም ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ዕድሜዋን የሚናገረው የኋላ መስታወቷ ነው። እስከ 1953 ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ከዚያ እስከ 1957 አንድ ትንሽ ሞላላ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ሰፋ ያለ አራት ማዕዘን ነው። መስታወቱን ሞላላ አድርጎ በሥሩ «የ1970 ሞዴል» ብሎ መጻፍ የታሪክ መምህር ቢያየው የሚያስቆጣ ነገር ነው።

እኔን የሚያስቀኝ ግን ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ በቮልሷ ፊት ላይ የራዲያተር መከላከያ ተስሎ አያለሁ። ቮልስ እኮ ራዲያተር የላትም! ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በውኃ ሳይሆን በነፋስ ነው። ፊት ለፊት ያለው ኮፈን ሲከፈት የሚገኘው የዕቃ ማስቀመጫና ትርፍ ጎማ ነው። ነፋሱ የሚገባው ከኋላ መስታወቱ ሥር ባሉት ስንጥቆች ነው።

እንግዲህ ስለ መለወጥ መናገር የሚቻለው እዚህ ላይ ነው። ለውጡ እውነተኛዋ መኪና ልትሸከመው የምትችለው መሆን አለበት። ጣሪያዋ ላይ ፖርቶመጋላ መጨመር ያምራል፤ ለአርባ ምንጭም የተገባ ነው፤ ሙዝና ማንጎ ይጫንባታል። ነገር ግን 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ማንጎ ለ20 ሲካፈል 6 ሚሊ ሜትር ነውና አተር ቢጫ ቀለም ቀብቶ መደርደር ይበቃል። በአንድ ማሳያ ላይ ፖርቶመጋላው ላይ ሙሉ ሎሚ ታስሮ አይቻለሁ። በልኬቱ ሲሰላ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሎሚ መሆኑ ነው! ጎማዎቹን ለጭቃ መንገድ ብለን እናተልቃቸው ብንል ደግሞ ከፓራፋንጎው ጋር ይጋጫሉ፤ ስለዚህ ፓራፋንጎው መቆረጥ አለበት። ይህም መልካም ነው፤ አንዱ ለውጥ ሌላውን እንደሚያስከትል ተማሪው በዓይኑ ያያል። የኋላ ስንጥቆቿን በጌጥ መድፈን ግን ሞተሩን ማቃጠል ነውና አይፈቀድም።

«ልጁ በየቀኑ የሚያየው ባጃጅ ነው፤ ለምን ባጃጅ አንሠራም?» የሚሉ አሉ። ለሦስተኛና ለአራተኛ ክፍል እቀበላለሁ፤ ባጃጅ በር ላይ ቆማ በሜትር ትለካለች፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከፍ ላሉት ክፍሎች ግን ቮልስን እመርጣለሁ። ሞተሯ ያለበት ቦታ ራሱ ጥያቄ ያስነሣል። ከዚህም በላይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ከወሰነ ወዲህ፣ ዛሬ አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ አድጎ እንዲህ ያለውን ሞተር የሚያውቀው ምናልባት በሞዴል ይሆናል።

ለሒሳብ ሠልጣኞች ደግሞ ከሁሉ የሚጣፍጠው ክብደቱ ነው። እውነተኛዋ 800 ኪሎ ግራም ያህል ትመዝናለች። ከዚያው ቁስ ብትሠራ የእኛይቱ ስንት ትመዝናለች ብላችሁ ክፍል ውስጥ ጠይቁ። አብዛኛው 800ን ለ20 አካፍሎ «40 ኪሎ» ይላል። በመዳፍ የምትያዝ የ40 ኪሎ መኪና! ከዚያ ትክክለኛው ትምህርት ይጀመራል። ርዝመት፣ ወርድና ቁመት እያንዳንዳቸው በ20 ስላነሱ ይዘቱ በ8,000 ያንሳል፤ ክብደቷም 100 ግራም ይሆናል። ከሰሌዳ ላይ ይህን ለማስረዳት ስንት ጠመኔ እንደሚያልቅ የሞከረው ያውቀዋል።

ታዲያ ነጥብ አሰጣጣችን ይህን ሁሉ ያያል ወይ? ያበራችው፣ በቀለም ያሸበረቀችው፣ አንዳንዴም ከሱቅ ተገዝታ ጥብጣብ የታሰረላት ከፍተኛውን ነጥብ ስትወስድ ይታያል። ማሳያው ሲያልቅም ወደ ቆሻሻ ትሄዳለች። ሠልጣኙ ነገ የሚመደበው መሸጫ ሱቅ በሌለበት ደጋ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ከእሱ ጋር የሚሄደው መለካትና ማጉበጥ መቻሉ ነው። ስለሆነም ከእያንዳንዱ ሞዴል ጋር አንዲት ገጽ ወረቀት ትቅረብ፤ ምን ተለካ፣ በስንት ተካፈለ፣ ምን ተለወጠ፣ ለምን ተለወጠ የሚሉት ይጻፉባት። ከነጥቡም ግማሹ ለእሷ ይሰጥ። በቡድን ሲሠራም ሽቦና ፒንሳ ለወንዶቹ፣ ቀለም ለሴቶቹ የሚባለው ክፍፍል ይቅር፤ ሜትሩን ሁሉም ተራ በተራ ይያዝ።

በከተማችን ቮልስ ያለው ሰው ከተገኘም አስፈቅደን፣ ሜትርና እርሳስ ይዘን በአንድ ከሰዓት እንለካት። እስከዚያ ድረስ ከላይ ያሉት ቁጥሮች ይበቃሉ። ሎሚዋን ግን ከአሁኑ እናውርዳት።