የአታካማ በረሃ ሀብት፤ ባለቤቱ ማን ነው?

በሰሜን ቺሊ የተዘረጋው የአታካማ በረሃ በዓለም ላይ እጅግ ደረቅ ከሚባሉት ሥፍራዎች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ዝናብ የራቀው ምድር ናይትሬትን፣ መዳብንና ሊቲየምን በሆዱ በመያዙ የዓለም ከበርቴዎች ሲሻሙበት ኖረዋል። ታሪኩም አንድ ሐቅ ያረጋግጣል፤ ይኸውም የጥሬ ሀብት ብዛት ብቻውን ሕዝብን እንደማያበለጽግ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1879 በተጀመረው ጦርነት ቺሊ የናይትሬቱን ምድር ከቦሊቪያና ከፔሩ ከነጠቀች በኋላ ኢንዱስትሪውን በዋነኛነት የተቆጣጠሩት የእንግሊዝ ባለካፒታሎች ነበሩ። ወዛደሩ ግን ደመወዙን የሚቀበለው ከኩባንያው ሱቅ በቀር በማይሠራ ምልክት ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1907 በኢኪኬ ከተማ በሳንታ ማሪያ ትምህርት ቤት ተሰብስበው መብታቸውን የጠየቁ አድማ መቺዎች በጦር ሠራዊቱ ጥይት ተረፈረፉ። ቆየት ብሎም የጀርመን ኬሚስቶች ናይትሬትን የሚተካ ምርት ከአየር በማውጣታቸው ገበያው ወደቀ፤ የማዕድን ከተሞቹም ባዶ ቀሩ። ከእነዚህ አንዷ የሆነችው ሃምበርስቶን ዛሬ በዓለም ቅርስነት ተመዝግባ በአገር ጎብኚዎች ትታያለች።

በመዳብ ረገድ የተለየ እርምጃ ተወስዷል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1971 በፕሬዚዳንት አየንዴ ዘመን የቺሊ ምክር ቤት ታላላቆቹን የመዳብ ማዕድኖች የሕዝብ ንብረት እንዲሆኑ በአንድ ድምፅ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1973 ሥልጣን የነጠቀው የፒኖቼ ወታደራዊ አገዛዝ እንኳ የቹኪካማታን ማዕድን ለቀድሞዎቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች ሊመልስ አልደፈረም። ሆኖም ከመዳቡ ሽያጭ አሥር በመቶው እስከ 2019 ድረስ በሕግ ለጦር ኃይሉ ተመድቦ ኖሯል።

አሁን ተራው የሊቲየም ነው። ለኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ የሚፈለገው ይህ ማዕድን የሚገኘው ከጨው ሜዳው ሥር የሚሳበው ጨዋማ ውሃ በፀሐይ እንዲተን በማድረግ ነው። እዚያው ፍላሚንጎዎች የሚመገቡባቸው ሐይቆች፣ በ4,300 ሜትር ከፍታ እንፋሎት የሚተፉት የኤል ታቲዮ ፍል ውሃዎችና የጨረቃ ሸለቆ የተባለው ድንቅ ሥፍራ ብዙ ጎብኚ ይስባሉ። ስለዚህ ማዕድኑም፣ ቱሪዝሙም፣ የነባሩ የአታካማ ሕዝብ እርሻም በአንድ ጥቂት ውሃ ላይ ተደግፈዋል።

እ.ኤ.አ. በ2023 የቺሊ መንግሥት በሊቲየም ሥራ የሕዝቡ ድርሻ የበላይ እንዲሆን ዕቅዱን አስታውቋል። እርምጃው ትክክለኛ ቢሆንም በቂ አይደለም። የውሃው ልክ ሲወሰን ወዛደሩና የአካባቢው ገበሬ በጉባኤው ካልተቀመጡ፣ ባለቤትነቱ በወረቀት ይቀራል፤ የሃምበርስቶን ዕጣም ይደገማል።